«አሸነፍን» የማለት መብት

የሰው ልጅ የልቡን ሚዛን ከሚገልጥባቸው ነገሮች አንዱ የአነጋገሩ ልማድ ነው። ሰው አስቦ ከተናገረው ይልቅ ሳያስብ የተናገረው አንዳንድ ጊዜ ይበልጥ እውነቱን ያወጣበታል። ሯጮቻችን በውጭ አገር ድል አድርገው ሰንደቅ ዓላማችን ከፍ ሲል በየቢሮው፣ በየትምህርት ቤቱና በየቡና ቤቱ የሚሰማው ቃል «አሸነፍን» የሚል ነው። ሳይቀናቸው የቀረ ጊዜ ግን በዚያው ስፍራ፣ ከዚያው አንደበት የሚወጣው ቃል «ተሸነፉ» የሚል ይሆናል። በድሉ ቀን «እኛ» የነበረው ሁሉ በሽንፈቱ ቀን «እነርሱ» ሆኖ ይገኛል። የግሡ መድረሻ ተለወጠ እንጂ ሌላ ምን ሆነ የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያች በትንሿ ለውጥ ውስጥ አንድ ትልቅ የግብረ ገብ ጥያቄ ተሸሽጎ ይኖራል። ይኸውም፦ ራሱ ያልሮጠ ሰው «አሸነፍን» ለማለት መብት አለውን? ካለውስ ይህ መብት ከወዴት ይመጣል? የሚከፈልበትስ ዋጋ ምንድን ነው? የሚል ነው።

ጥያቄው በባዶ ሜዳ ላይ እንዳይቆም አስቀድሞ የነገሩን ታሪክ በአጭሩ ማስታወስ ይገባል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የእኛ መሆናቸው ካልተገለጠ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና በ1983 በሄልሲንኪ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደረግ ከበደ ባልቻ በማራቶን ሁለተኛ ሆኖ የብር ሜዳሊያ አገኘ። በ1991 በቶኪዮ ፊጣ ባይሳ በ5,000 ሜትር እንደዚሁ የብር ሜዳሊያ ወሰደ። በ1993 በሽቱትጋርት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር የመጀመሪያውን ወርቅ ካስገኘ በኋላ ግን በሩ ተከፈተ። ከዚያ ዓመት አንሥቶ በ2023 በቡዳፔስት እስከ ተደረገው ድረስ በተከታተሉት 16 ሻምፒዮናዎች ኢትዮጵያ አንድ ጊዜ እንኳ ያለ ወርቅ አልተመለሰችም። ኃይሌ በ10,000 ሜትር አራት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ፤ ቀነኒሳ በቀለም ከ2003 እስከ 2009 አራት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ። በ2001 በኤድመንተን ደራርቱ ቱሉ፣ ብርሃኔ አደሬና ጌጤ ዋሚ፣ በ2003 በፓሪስ ቀነኒሳ፣ ኃይሌና ስለሺ ስህን ተከታትለው ገቡ። በ2005 በሄልሲንኪ ጥሩነሽ ዲባባ 5,000ውንም 10,000ውንም አሸነፈች። በ2022 በዩጂን 4 ወርቅ፣ 4 ብርና 2 ነሐስ ተገኝቶ ሀገራችን በሜዳሊያ ሰንጠረዥ ከአሜሪካ ቀጥላ ሁለተኛ ሆነች።

ከዚያም 2025 መጣ። ሻምፒዮናው እንደገና በቶኪዮ፣ አበበ ቢቂላ በ1964 ሁለተኛውን የኦሊምፒክ ማራቶን ድሉን ባገኘበት ከተማ፣ አዲሱ ዓመታችን 2018 በገባ በሦስተኛው ቀን ተጀመረ። ዮሚፍ ቀጀልቻ በ10,000 ሜትርና ትዕግሥት አሰፋ በማራቶን የብር፣ ጉዳፍ ፀጋይ በ10,000 ሜትርና ሲምቦ ዓለማየሁ በ3,000 ሜትር መሰናክል የነሐስ ሜዳሊያ አገኙ፤ ወርቅ ግን አልነበረም። «ተሸነፉ» የሚለው ቃል የተሰማው በዚያን ጊዜ ነው። ከቃሉም ጋር ቁጣና ንቀት ተሰማ። ስለዚህ ጥያቄያችን የቋንቋ ጨዋታ አይደለም፤ በሕይወት ያሉ ሰዎችን ክብር የሚነካ ነገር ነው።

ለጥያቄው የሚሰጠው የመጀመሪያው መልስ «ድል የሯጩ ብቻ ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን የአባቶችን ምሳሌ ይጠቅሳል፤ ምሳሌውም ለዚህ ጉዳይ የተነገረ እስኪመስል ድረስ ይስማማዋል። ከንጋት በፊት የተነሣው እርሱ ነው፤ እግሩ የቆሰለው፣ ትንፋሹ የተቆረጠው፣ ወጣትነቱን በልምምድ የጨረሰው እርሱ ነው። እንዲያውም ሀገር ለሯጭ የምትሰጠው ብቻ ሳይሆን የምትወስድበትም አለ። ምሩፅ ይፍጠር በ1972 በሙኒክ የነሐስ ሜዳሊያ ካገኘ በኋላ በ1976 በሞንትሪያል ሊሮጥ ይጠበቅ ነበር፤ ነገር ግን የደቡብ አፍሪካን የዘር መድልዎ በመቃወም የአፍሪካ መንግሥታት ከጨዋታው ሲወጡ እርሱም ሳይሮጥ ቀረ። የተቃውሞው ምክንያት የከበረ ነበር፤ ዋጋውን የከፈለው ግን እኛ አይደለንም፤ የጉልበቱ ዘመን የሚያልፍበት ሯጭ ነው። በ1980 በሞስኮ 5,000ውንና 10,000ውን ሲያሸንፍ «አሸነፍን» ያለው ሕዝብ በ1976 «ከሰርን» ያለ አልነበረም።

ይህ መልስ ኀይለኛ ነው፤ ነገር ግን በደንብ ሲመረመር ሙሉ ሆኖ አይገኝም። ሯጩ ራሱ ብቻውን አልሮጠምና። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም ጎዳና ባዶ እግሩን ሲሮጥ ከኋላው ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ነበሩ። ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ገና ልጆች ሳሉ በበቆጂ ሜዳ ያዩአቸውና ያስሮጧቸው መምህር ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ አስተማሪ ናቸው። በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ የማራቶኑን ወርቅ ያመጣው ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ነበረ፤ ሲሳይ ለማ በደረሰበት ጉዳት ቦታውን ስለ ለቀቀለት ነው በመጨረሻ ሰዓት የገባው። ሯጮቹ ከድል በኋላ ሲጠየቁ የአሠልጣኛቸውን፣ የጓደኞቻቸውን፣ የእናታቸውን ስም የሚያነሡትም ለትሕትና ብቻ ብለው አይደለም፤ እውነቱ እንዲህ ስለ ሆነ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። እንግዲህ ድል በመሠረቱ የሚካፈሉት ነገር ከሆነ፣ «የሯጩ ብቻ ነው» የሚለው መልስ ሯጩን ያከበረ መስሎ ያገዙትን ሁሉ ይረሳል።

ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው ተቃራኒ ነው። «ድሉ የሁላችን ነው፤ አንድ ደም፣ አንድ አፈር፣ አንድ አየር ነንና» ይላል። ይህ አባባል ለጆሮ ደስ ያሰኛል፤ ለአእምሮ ግን አይበቃውም። በከፍታ ቦታ መወለድ የማንም የሥራ ፍሬ አይደለም። የቦሊቪያዋ ላ ፓዝ ከአዲስ አበባ ይልቅ እጅግ ከፍ ባለ ስፍራ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ይሁን እንጂ ከዚያ አየር ኃይሌ ወይም ጥሩነሽ አልወጡም። አየሩ ብቻውን ድል የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ሯጮች በሆንን ነበር።

የደሙም ነገር እንደዚሁ ያደናግራል። ሲፋን ሐሰን በአዳማ ተወልዳ በልጅነቷ በስደት ወደ ኔዘርላንድ ሄደች። በ2019 በዶሃ የዓለም ሻምፒዮና 1,500 እና 10,000 ሜትርን አሸነፈች፤ በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ በማራቶን ወርቅ ስትወስድ ሁለተኛ የወጣችው የእኛዋ ትዕግሥት አሰፋ ነበረች። ድል በደም የሚወረስ ከሆነ በዚያን ቀን አንደኛም ሁለተኛም የወጣነው እኛ ነን ማለት ነው፤ በሰንደቅ ዓላማ የሚቆጠር ከሆነ ግን የደሙ ምክንያት ፈረሰ። በሌላ በኩል ስዊድናዊው ኒስካነን ከአበበ ድል ውስጥ ያላቸው ድርሻ በዚያ ቀን ተኝቶ ካደረው ከብዙው ኢትዮጵያዊ ድርሻ እንደሚበልጥ የሚክድ የለም። እንግዲያስ ደምም አፈርም ብቻቸውን «አሸነፍን» የማለትን መብት አያጎናጽፉም።

ከሁለቱ መልሶች ሌላ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ የዚህ ጽሑፍ አሳብም እርሱ ነው። ሁለት ነጋዴዎች ማኅበር ቢገቡ፣ ትርፍ ሲገኝ «የጋራችን ነው» የሚል፣ ኪሳራ ሲመጣ ግን «የአንተ ነው» የሚል ሰው ሸሪክ አይባልም፤ ዳኛ ፊት ቢቀርብም አይረታም። የሽርክና ምልክቱ በትርፉ ቀን መገኘት ሳይሆን በኪሳራው ቀን አለመሸሽ ነው። እንዲሁም «ተሸነፍን» ለማለት ድፍረት ያለው ሰው «አሸነፍን» ለማለት መብት ያገኛል፤ «ተሸነፉ» ብሎ የሚሸሽ ግን ያለፉትን ድሎች ሁሉ እንኳ «አሸነፉ» እያለ እንደገና ሊቆጥራቸው ይገባዋል። ፍርዱ ቀላል ነው፤ አንዱን ቃል የመረጠ ሌላውንም ይመርጣል።

ይህን ለማየት የትዕግሥትን ነገር ማሰብ ይበቃል። በ2025 በቶኪዮ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጣ በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ገባች፤ ኬንያዊቷ ፔሬስ ጄፕቺርቺር የቀደመቻት በ2 ሴኮንድ ነው። ከዓመት በፊት በፓሪስ ሲፋን የቀደመቻት በ3 ሴኮንድ ነበረ። በሁለቱ ታላላቅ ውድድሮች መካከል ያለው ጠቅላላ ጉድለት አምስት ሴኮንድ ነው። እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ፤ የአንዲት ሴት ትጋት 8,683 ሴኮንድ ሲቆይ የተመሰገነ ሆኖ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሴኮንዶች ወደ ነውር ይለወጣልን? ሁለቱ ሴኮንዶች ወደ እርሷ ቢያደሉ ኖሮ እኛ በቤታችን የተቀመጥነው የተሻልን ሰዎች እንሆን ነበርን? አንሆንም። በጎነት በፍጻሜው መስመር ላይ የሚፈጠር ነገር አይደለም፤ ከመስመሩ በፊት ያልነበረ ከመስመሩ በኋላ አይገኝም፤ የነበረም አይጠፋም።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «እንዲህ ከሆነ ማንም አይወቀስ፣ ማንም አይጠየቅ ማለትህ ነውን?» የሚል። አይደለም። የምርጫው አካሄድ፣ የዝግጅቱ ጊዜ፣ የአሠልጣኞች መስማማት፣ የዕድሜ መዝገብ እውነተኛነት፣ ከአበረታች ቅመሞች መራቅ፣ እነዚህ ሁሉ ሊመረመሩ የሚገባቸው ናቸው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተዘጋጀ ቡድን በጥድፊያ ይበተናል። ነገር ግን ወቀሳና ስድብ ልዩ ልዩ ናቸው። ወቀሳ የሸሪክ ነው፤ «ገንዘባችን ለምን ጠፋ? ነገስ እንዴት እናድን?» ብሎ መዝገቡን ይገልጣል። ስድብ የባዕድ ነው፤ መዝገቡን ሳያይ በሩ ላይ ቆሞ ይጮኻል። ወቀሳ የሚመለከተው ሊታረም የሚችለውን ሲሆን፣ ስድብ የሚያነጣጥረው በደከመው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ «እኛ» ብሎ የሚያስብ ሰው የበለጠ ይመረምራል እንጂ ያነሰ አይመረምርም።

ደግሞም ሸሪክ የሆነ ሰው የድሉን ጥላ እንኳ ይካፈላል። በ1993 በሽቱትጋርት ኃይሌ ሲያሸንፍ፣ የመጨረሻው ዙር ሲቃረብ የኬንያዊውን የሞሰስ ታኑይን ተረከዝ ረግጦበት ጫማው ወለቀ፤ ታኑይ ባንድ እግር ጫማ ሮጦ ሁለተኛ ሆነ፤ ተቆጣም። ነገሩ በሩጫ ግፊያ መካከል የሚሆን ነው፤ ድሉንም ማንም አልወሰደብን። ይሁን እንጂ ከዓለም ሻምፒዮና ወርቆቻችን ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ነውና፣ ታሪኩን ስናወራ ጫማውን መርሳት አይገባንም። በ1992 በባርሴሎና ደራርቱ ቱሉ የ10,000 ሜትሩን ወርቅ ካገኘች በኋላ ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየርን እጅ ይዛ ሜዳውን ዞራለች። ምሩፅ በ1976 ሳይሮጥ የቀረው በዚያች ሀገር ግፍ ምክንያት እንደ ነበረ ስናስብ፣ ያ የእጅ ለእጅ መያያዝ ድል ከተሸነፈው ጋር እንኳ ሊካፈሉት የሚቻል ነገር መሆኑን ያሳያል። ለተሸነፈው የውጭ ሰው እጁን የዘረጋ ሯጭ ያፈራን ሕዝብ፣ ለተሸነፈው የራሳችን ልጅ እጃችንን ብንነፍግ ምን እንባላለን?

የሜዳሊያው ሰንጠረዥም በልኩ ሊታይ ይገባዋል። በ2022 ሁለተኛ ስንሆን በጤና፣ በትምህርት፣ በሰላም ከዓለም ሁለተኛ አልሆንንም፤ በ2025 ወርቅ ሲጠፋም ከነበርንበት አልወረድንም። የፊንላንድን ታሪክ ማየት ይጠቅማል። ፓቮ ኑርሚ በ1920፣ በ1924 እና በ1928 በተደረጉት የኦሊምፒክ ጨዋታዎች 9 ወርቅ አገኘ፤ ላሴ ቪረን በ1972 እና በ1976 5,000ውንና 10,000ውን ሜትር ሁለት ሁለት ጊዜ አሸነፈ። የረዥም ርቀት ሩጫ በዚያን ዘመን የፊንላንድ ርስት ይመስል ነበር። ከቪረን በኋላ እንደዚያ ያለ ዘመን አልተመለሰላቸውም፤ ፊንላንድ ግን በትምህርት ቤቶቿና በሥርዓቷ የተከበረች ሀገር ሆና ኖራለች። ሯጮቿ ለስሟ ብርሃን ጨመሩላት እንጂ ስሟን ብቻቸውን አልተሸከሙትም። አንድ ሕዝብ ክብሩን ሁሉ በጥቂት ወጣቶች እግር ላይ ቢጭን በእነርሱ ላይ ግፍ ይሠራል፤ በራሱም ላይ ስንፍናን ያስገባል።

አሁን ወደ ቅርባችን እንመለስ። አዲስ አበባን የከበቡት ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ገላን በእኛ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በተባለው አንድ አስተዳደር ሥር ሆነዋል። ከእነዚህ መካከል የሱሉልታ ሜዳና የሰበታ መንገድ ሯጮች ጠዋት ጠዋት የሚለማመዱባቸው ሥፍራዎች ናቸው። ቤትና ፋብሪካ ግን በአራቱም ማዕዘን እየተሠራ ነው። ይህ ጽሑፍ ከሚጻፍበት ከገላን ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ ጭነት መኪናው ሌሊትና ቀን አይቋረጥም። ቤትና ፋብሪካ ለሕዝብ ያስፈልጋሉ፤ ይህን የሚቃወም የለም። ነገር ግን የከተማ ፕላን በሚነሣው ባለሙያ ፊት፣ በወረቀቱ ላይ ባዶ መስሎ የሚታየው ሣር የአንድ ልጅ የልምምድ ሜዳ ሊሆን ይችላል። ሜዳውን በወርድና በቁመቱ ብቻ ለክቶ የሚያልፍ ሰው፣ ማታ በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ «አሸነፍን» ሲል ድምፁ ባዶ ነው። ለሯጮች ጥቂት ስፋት ያስቀረ ባለሙያ ግን ስሙን ማንም ባያውቀውም ሸሪክ ነው።

እንዲህ እያልን ብንቆጥር ሸሪኮቹ ብዙ ሆነው ይገኛሉ። በጎህ ሲቀድ የሯጮችን ጥላ አይቶ ፍጥነቱን የሚቀንስ ሾፌር ሸሪክ ነው። የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርትን ክፍለ ጊዜ ለሌላ ሥራ ሳይሸጥ በሜዳ ላይ የሚያስተምር መምህር ሸሪክ ነው። የልጁን የልደት ዘመን ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚመዘግብ ጸሓፊ፣ የመንገድ ሰነድ በጊዜው የሚያደርስ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ዘመድ ሳይል በሰዓቱ የሚመርጥ ኃላፊ፣ እነዚህ ሁሉ ሸሪኮች ናቸው። እነዚህ ሥራዎች የማንም ዓይን የማያያቸው፣ ጭብጨባ የማይከተላቸው ናቸው። ሯጩም ከአንድ ቀን ድሉ በፊት ለብዙ ዓመታት የሚሠራው እንደዚህ ያለውን የማይታይ ሥራ ነው፤ በእርሱና በእኛ መካከል ያለው እውነተኛው ዝምድና በዚህ ላይ የቆመ ነው።

«የአንድ ጸሓፊ ድርሻ ከሯጩ ድካም ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ይህን ድርሻ ማለት ራስን ማሞካሸት ነው» የሚል ቢኖር እውነት ተናግሯል። ድርሻው ትንሽ ነው። ስለዚህም ጩኸታችን በድርሻችን ልክ ይሁን፤ ወቀሳችንም እንደዚሁ። ትንሽ ያዋጣ ሰው በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሊናገር መብት አለው፤ ነገር ግን ሁሉን እንዳዋጣ ሰው ጠረጴዛ አይመታም። ምንም ያላዋጣስ? እርሱም ቢሆን አይከለከል፤ በሰው ደስታ መደሰት የሰው ልጅ መልካም ጠባይ ነውና። ደስ ይበለው፣ ያጨብጭብ፣ እንደ እንግዳ በክብር ይቀመጥ፤ ግን ሰርገኛው በወደቀ ጊዜ ድንጋይ አንሺ አይሁን።

የሚቀጥለው ሻምፒዮና በ2027 በቤጂንግ ይደረጋል። ወርቅ ይምጣ አይምጣ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ በአምስት ሴኮንድ ውስጥ ያለውን ነገር ማን ያውቀዋል? እስከዚያ ድረስ ግን እያንዳንዳችን ልናውቀው የምንችለው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በየወንበራችን፣ በየሰሌዳችን ፊትና በየመሪያችን ላይ የምንሠራው ሥራ በዚያን ቀን ምን እንድንል እንደሚፈቅድልን ነው። ሥራውን በታማኝነት የሠራ ሰው ሰንደቁ ከፍ ሲል «አሸነፍን» ይበል፤ ዝቅ ሲልም «ተሸነፍን» ብሎ ከሯጩ አጠገብ ይቁም። ሁለቱን ቃሎች ባንድ ድምፅ መናገር የሚችል ሕዝብ ካለ፣ የሜዳሊያው ቁጥር ቢጨምርም ቢቀንስም፣ ሯጮቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አንገታቸውን አይደፉም።